ለፊት የማይሆን ድንጋይ

«ቬሎው ይሄን ያህል ነጭ ሆኖ አይደለም፤ አንቺ ስለጠቆርሽበት ነው እንዲህ የሚያንጸባርቀው» አለች ዘውዲ።

ውባንቺ ይህን የሰማችው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ በዱካ ላይ ቁጭ ብላ፣ የተወቀጠ ድንጋይ በሻሽ ስትነፋ ነበር። ዘውዲ የሙሽራው ታላቅ እኅት ናት፤ ሐሙስ ጠዋት ቬሎውን በአንሶላ ጠቅልላ አምጥታ የውባንቺን ልጅ ሶሬቲን ልታስለካት ከውስጠኛው ክፍል ገብታለች። ሰርጉ እሑድ ነው። የውባንቺ እጅ ባለበት ቆመ፤ ዱቄቱ ከሻሹ ዳር ሾልኮ ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። ልጇ የምትመልሰውን ለመስማት ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ሶሬቲ ዝም አለች። አፏ የማይተኛላት፣ ከታክሲ ረዳት ጋር ስትከራከር መንገደኛ የሚቆምላት ልጅ ዝም አለች።

«ክሬሙን ጠዋትና ማታ ትቀቢያለሽ አይደል?»

«እቀባለሁ።»

«እንዳልኩሽ መጀመሪያ ፊትሽን አሽተሽ?»

«አዎ።»

«አይዞሽ፤ ሲላጥ ነው የሚቀላው። ነጠላውን ግን ከፊትሽ እንዳታወርጂ፣ አየር እንዳይመታሽ።»

ውባንቺ ያን ጊዜ መግባት ትችል ነበር። ሁለት እርምጃ ናት፤ መጋረጃውን ገለጥ ማድረግ ብቻ ነበር የሚቀራት። አልገባችም። የሙሽሪት እናት ከአማች ዘመድ ጋር በሰርግ ሳምንት አትጣላም፤ ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ዘውዲ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቃ «ሰላም በይልኝ እናትሽን እትዬ አሰገደችን» አለቻት። ዘውዲም ጎንበስ ብላ «እትዬ ውባንቺ፣ ቬሎው ልክክ ብሎላታል፤ ደስ ይበልዎ» ብላ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማዋ ከግቢው ጠጠር ጋር እየታገለ ሄደች። በቪላው በረንዳ ላይ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ተሰልፈው መዝሙር ይለማመዳሉ። ቪላው ሲወረስ ዋናው ቤት ለሕፃናቱ ሆኖ፣ ከጓሮ ያሉት የሰርቪስ ክፍሎች ለእነውባንቺ በኪራይ ተሰጥተዋል፤ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ሳሎን፣ ሦስተኛው፣ ቀድሞ የከሰል ቤት የነበረው፣ የውባንቺ ሥራ ቤት ነው።

በዚያ ሥራ ቤት ውስጥ የምትሠራው የእግርና የገላ ማሸት ሥራ በቦሌ ከዳር እስከ ዳር አሳውቋታል። ድንጋዩ ከደብረ ዘይት ወዲያ ካሉት ተረተሮች የሚመጣ ነው፤ ግራጫ፣ እንደ ዳቦ ልብ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ውሃ ላይ ቢጥሉት የሚንሳፈፍ። አሸዋ የሚጭኑ ሾፌሮች በጆንያ ያመጡላታል። ደህና ደህናውን በመጋዝ ቆርጣ፣ ጠርዙን በሌላ ድንጋይ አለስልሳ ለተረከዝ ታደርገዋለች፤ ስብርባሪውን ወቅጣ፣ መጀመሪያ በወንፊት ቀጥሎ በሻሽ ነፍታ፣ ከሰሊጥ ዘይት ጋር ለውሳ ለክንድና ለጀርባ ትጠቀምበታለች። ለእግር ሁለት ብር፣ ለሙሉ ገላ ስምንት ብር። የውጭ ቅባትና ሳሙና ከሱቅ ከጠፋ ወዲህ፣ ከቀበሌ ሱቅ የሚገኘውም በኩፖን ከሆነ ወዲህ፣ የባለሥልጣን ሚስት በላዳ ትመጣለች፤ ሆስተሷ ከበረራ ወርዳ ከነዩኒፎርሟ ትመጣለች፤ ሌሊት ስትጋግር አድራ እግሯ የተሰነጣጠቀ ሴትም ትመጣለች። ሁሉም በዚያው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ውባንቺ እምቢ ትላለች፤ ፊት አትነካም። «ይሄ ለተረከዝ የተፈጠረ ነው፤ ፊት ላይ ጭረቱ አይታይም እንጂ ይቀራል» ብላ ሆስተሶቹን ስንቴ መልሳለች።

ጉልበቷ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት አራግፋ ወደ ውስጥ ገባች። ሶሬቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቬሎው ከቁም ሣጥኑ በር ላይ ተሰቅሎ ክፍሏን ሞልቷታል። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስር ተከናንባለች። ሰሞኑን እንደዚሁ ነበረች፤ ጥርሴን ብርድ መታኝ ብላ ስትበላም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። ውባንቺ አምናት ነበር። ሐሳቧ ሁሉ በኮታ የሚሰጠው ቢራ ላይ፣ ከቀበሌው በውሰት በሚመጣው ድንኳን ላይ፣ ከየጎረቤቱ በሚሰበሰበው ወንበር ላይ ነበር።

«ነጠላውን አውርጂው» አለቻት።

«እማዬ፣ ጥርሴን —»

«አውርጂው ሶሬቲ።»

ከሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ቆዳው ተነሥቷል። የተላጠው ቀይ ሆኖ ያዣል፤ ያልተላጠው ጠቁሮ ደርቆ ቅርፊት ሠርቷል። አገጯ ላይና ከአፍንጫዋ ጎንና ጎን ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ውባንቺ ጭረቱን ስታይ ለየችው። ክሬም አይጭርም። እንዲህ ዓይነት ጭረት የሚጭር ነገር በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው።

«ከኔ ዱቄት ነው?»

ሶሬቲ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከሥራ ቤቱ ጣሳ ሌሊት ሌሊት በእፍኟ እየወሰደች ፊቷን ስታሽ፣ በላዩ ላይ ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የመጣውን፣ ዘውዲ የሰጠቻትን የሚያቀላ ክሬም ስትቀባ ሰንብታለች። ሲያቃጥላት እየሠራ ነው ብላ ጨመረችበት። ውባንቺ ልትጮህባት አፏን ከፈተች፤ ያሰበችው ስድብ ግን አልወጣ አላት። «እኔ ፊት እንደማልነካ እያወቅሽ፣ እዚሁ ቤት አድገሽ፣ እንዴት?» ብቻ አለች።

«እዚሁ ቤት አድጌ ነው እንጂ» አለች ሶሬቲ። አልጮኸችም። «ደንበኞችሽ ታጥበው ሲነሡ መስተዋቱን እየሰጠሽ ምን እንደምትያቸው ታውቂያለሽ? ‹ቀላሽ እኮ! እንዴት ያለሽ ቀይ ወጣሽ!› ትያቸዋለሽ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስትይ ሰምቻለሁ። ለእኔ ብለሽው አታውቂም።»

በረንዳው ላይ ያሉት ሕፃናት መዝሙሩን ከመጀመሪያው ጀመሩት። እውነቷን ነው። ውባንቺ ሰው ደስ እንዲለው የምትናገረው፣ ከአፏ ሳታስበው የሚወጣ ነገር ነው፤ እንደ ‹ደህና ዋሉ› ያለ። ልጇ ከደጃፍ ቆማ ባልዲ ስታቀብል ሰምታው፣ ለቅማው፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ እንዳስቀመጠችው አላወቀችም። የምትይዘው ነገር ፈልጋ የቬሎውን ጫፍ ያዘች፤ ጣቶቿ ላይ የቀረው ዱቄት ጨርቁን ሲነካው ደንግጣ ለቀቀችው።

ነጠላዋን አልብሳት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ነርሷ የሶሬቲን ፊት ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው፤ ክሬሙን ጣይው፣ ሌላም ነገር አትቀቢ፣ ቅርፊቱን አትንኪው፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ቀስ ብለሽ ታጠቢ፣ ፀሐይ ተጠንቀቂ አለቻት። «ይሽራል» አለች፤ ውባንቺ ትንፋሿን ስትለቅ አይታ ግን ጨመረችበት፤ «ለእሑድ አይደለም። ወራት ይፈልጋል።»

ከዚያ ሲወጡ ውባንቺ «ስለ ሰርጉ አነጋግሬያቸው ልምጣ» ብላ ልጇን ወደ ቤት ሰደደቻት። እሷ የቦሌን መንገድ ተሻግራ፣ በሩዋንዳ ኤምባሲ በኩል ወዳለው ወደ እነአሰገደች ቤት ብቻዋን አቀናች። በመንገድ ላይ የምትለውን እያዘጋጀች ሄደች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ትላለች። ልጅቷ ታማለች ትላለች። ማንም ሰው ልጇን በዚህ ሁኔታ እንዲያያት አትፈልግም፤ ሦስት መቶ ሰው በድንኳን ስር ተቀምጦ ሲንሾካሾክ፣ ፎቶ አንሺው መብራቱን ሲያበራ፣ አይሆንም። ልጇን መሸፈን ነው የፈለገችው። በዚያ ሰዓት ሽፋኑ ለልጇ ይሁን ለራሷ አልለየችውም።

ወይዘሮ አሰገደች የአንድ ባላባት ባልቴት ናት። ሁለት የሚከራዩ ቪላዎቿ ተወርሰው የምትኖርበት አንዱ ብቻ ቀርቷታል፤ በዚያ በቀረው ውስጥ ግን የሦስቱም ቤት ዕቃ ታጭቋል። ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሶፋ፣ ሁለት ቡፌ፣ መሃል ላይ ደግሞ እንደ እንግዳ የቆመ ፍሪጅ አለ። ሶፋዎቹ ከነፕላስቲካቸው ናቸው። ውባንቺን በክብር ተቀበለቻት፤ ሽማግሌ ከተላከ ጀምሮ በክብር ነው የምትቀበላት። ለእንግዶቿ ስታስተዋውቃት ግን «የጤና ሥራ ላይ ናት» ትላለች። እግር ታሻለች አትልም። ውባንቺ ይህንንም ለልጇ ብላ ውጣው ነበር።

«ሰርጉ ይተላለፍ?» አለች አሰገደች ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ። «ካርዱ ተበትኗል። ሠንጋው ጓሮ ታስሯል፤ ድምፁን ትሰሚዋለሽ። ሰው ምን ይላል? ልጄ ተከዳ ነው የሚሉት፣ ወይ ልጅቷ አንድ ነገር ተገኘባት ነው የሚሉት።» ጥቂት አሰበችና ወደ ውባንቺ ጠጋ አለች። «ይልቅ እኔ የምልሽን ስሚኝ። ወፈር ያለ ፓውደር እናደርግላታለን። ዓይነ ርግቡን ደግሞ ድርብ እናሰፋዋለን፤ ፊቷን እስከ መጨረሻው ሳትገልጥ ትዋል። የድሮ ሙሽራ ማን ፊቷን ያይ ነበር?»

«ቁስል ላይ ፓውደር አይደረግም እትዬ አሰገደች።»

«ለአንድ ቀን ነዋ!»

ዘውዲ ከውስጥ ወጥታ የቡፌውን ጠርዝ ተደግፋ ቆማለች። ማን እንደከሰሳት ባታውቅም መከሰሷን አውቃለች። ውባንቺ ዞር ብላ አየቻት። «ጠዋት ያልሻትን ሰምቻለሁ» አለቻት፤ «ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው።» ዘውዲ ቀላች፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጣች። «ለእሷው ብዬ ነው! እዚህ ቤት ለምትገባ ምን እንደሚባል እኔ ነኝ የማውቀው። እኔም ተቀብቼዋለሁ፤ ምን ሆንኩ?» ስትል እጇን ወደ ፊቷ አነሣች። ውባንቺ ያየችው ፊቷን ሳይሆን እጇን ነው፤ የእጅ ሥራ የለመደ ዓይን ወደ እጅ ይሄዳል። የፊቷ ቆዳ ደም ሥሩ እስኪታይ ሳስቷል፤ የጣቶቿ አንጓዎች ግን እንደጠቆሩ ቀርተዋል፤ ክሬሙ አልበገራቸው ብሏል። ስንት ዓመት እንደተቀባች ማን ያውቃል። ማንስ ጀመረላት? ውባንቺ ወደ አሰገደች ሳታስበው አየች፤ አሰገደች ዓይኗን ወደ ፍሪጁ መለሰች። ጓሮ የታሰረው በሬ አገሳ።

የግቢው በር ተከፈተ። ኃይለሚካኤል ነው፣ ሙሽራው፤ ለምሳ ከመሥሪያ ቤቱ መጥቷል። ብቻውን ግን አልነበረም። ከኋላው ሶሬቲ አለች። አሁን በር ላይ እንደተገናኙ ከፊቱ ድንጋጤ ያስታውቃል። ሶሬቲ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ከቤቷ እስከዚህ ድረስ፣ ዳቦ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አልፋ፣ ፊቷን ገልጣ መጥታለች።

ውባንቺ ብድግ አለች። ልጇን ልትሸፍናት እጇ ወደ ነጠላው ሄደ። ሶሬቲ እጇን በእርጋታ ያዘቻትና ወደ ታች አወረደችው፤ ይዛውም ቀረች።

«ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አለ ኃይለሚካኤል። ይህን የጠየቀው ለሁለተኛ ጊዜ ይመስላል።

ዘውዲ ከቡፌው ጋር ተጣበቀች። ሶሬቲ አየቻት፤ ዓይኗን ግን ብዙም አላቆየችባትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «የሰጠኝ ሰው ቢኖርም የቀባሁት እኔ ነኝ። እጄን የያዘኝ የለም።» ከዚያ ወደ አሰገደች ዞረች። «እትዬ፣ እናቴ ሰርጉ ይተላለፍ ልትልዎ እንደመጣች አውቃለሁ። እኔ አላልኳትም። እሑድ እመጣለሁ። ፓውደር አልቀባም፤ ነርሷ ከልክላኛለች። ዓይነ ርግቡንም አላደርግም፤ ቁስሉን ይነካዋል። የጠየቀኝን ሰው ቅባት አቃጥሎኝ ነው እለዋለሁ። ይሄን ፊት ድንኳን ውስጥ ማየት የማይፈልግ ካለ ግን ዛሬ ይንገረኝ። እሑድ ሳይሆን ዛሬ።»

ይህን ስትል አንገቷን አልሰበረችም። ውባንቺ ልጇን የምታውቃት ይመስላት ነበር። ባልዲ የምታቀብለውን፣ በኩፖን ወረፋ የምትጨቃጨቀውን፣ ትናንት ጥርሴን ያለችውን ታውቃለች። ይችን ግን አሁን ገና ነው የምታያት። ሰርጉን ላስተላልፍ ብላ በመንገድ ስታዘጋጀው የመጣችው ቃል ሁሉ ከጭንቅላቷ በነነ፤ በእሱ ፈንታ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እየሞላ መጣ። ሳቅም ይመስላል፣ ልቅሶም ይመስላል። ሁለቱንም አላወጣችውም። ራሷን ቀና አድርጋ ቆመች።

ኃይለሚካኤል ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። የሶሬቲን ፊት አየ። ጉንጯን ሊነካ እጁን አነሣና፣ እንደሚያማት ገብቶት መለሰው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለና እናቱን «እማዬ፣ ምሳ ለሁላችንም ይሁን፤ እነሶሬቲ እዚሁ ይበላሉ» አላት።

አሰገደች ተቀምጣ ቀረች። ልጇን አየች፣ ሶሬቲን አየች፣ በፕላስቲክ የተሸፈኑትን ሶፋዎቿን አየች። የሚወረስ ነገር ሁሉ ተወርሶባት የቀራት የሰው አፍ ብቻ እንደሆነ ውባንቺ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ለዚያም ነው እንዲህ የምትፈራው። በመጨረሻ አሰገደች ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። ትሪውን ራሷ ይዛ ተመለሰች። ዘውዲ ለምሳ አልቀረበችም፤ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ማንም አልጠራትም፣ ማንም ስሟን አላነሣም። መሃል ላይ አሰገደች አንድ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ ሶሬቲ ዘረጋች። የልጅቷን የተሰነጠቀ ከንፈር እንዳትነካ ተጠንቅቃ፣ ለሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው የራሷን አፍ እየከፈተች አጎረሰቻት። ሲወጡ ደግሞ በረንዳው ላይ፣ ለጉዳይ የመጡ ሁለት ጎረቤቶቿ ቆመው ነበርና «የሙሽሪት እናት ናት» አለቻቸው፤ ጥቂት ዘግይታም፣ «እግርና ገላ በማጠብ ቦሌን ያዳረሰችው ውባንቺ እሷ ናት።»

ከሰዓት በኋላ ውባንቺ ሥራ ቤቷን ዘጋች። የመጡትን ደንበኞች ዛሬ የምትታጠብ የራሴ ሙሽራ አለች ብላ መለሰቻቸው፤ አንዷ የባለሥልጣን ሚስት ላዳዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ብትለምናትም አልሰማቻትም። ውሃ በትልቁ ድስት አሞቀች። ሶሬቲን በዚያው ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት ዱካ ላይ አስቀመጠቻት። ከተረከዟ ጀመረች፤ እግሯን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ አለስልሳ፣ ድንጋዩን አርሳ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየሳበች፣ የሞተው ቆዳ ብቻ እስኪለቅ ድረስ። ሲበዛ ይቆስላል፤ ሲያንስ ሻካራው ይቀራል፤ እጅ ነው የሚያውቀው። ለቅልጥሟና ለክንዷ በሻሽ የተነፋውን፣ እንደ ዱቄት የላመውን በሰሊጥ ዘይት ለውሳ በመዳፏ ክብ ክብ እያደረገች አሸችው። ለክርኗ ትንሽ ጨመረች። ከአንገቷ በላይ አልወጣችም።

«ፊቴስ እንዲሁ ይቅር?» አለች ሶሬቲ ዓይኗን ጨፍና።

«እንዲሁ ይቅር። ፊትሽን እኔም አልነካው፣ አንቺም አትንኪው፤ ራሱ ያውቅበታል።»

ከዚያ ውባንቺ ክንዷን እያለቀለቀች «ያልሽኝን ሳስበው ነው የዋልኩት» አለች። ሶሬቲም «አውቃለሁ» አለች፤ ትከሻዋንም ለእናቷ እጅ ለቀቅ አደረገችላት። ለብ ያለ ውሃ ስታፈስባት ከክንዷ ላይ ግራጫው ዱቄት እየታጠበ ወረደ፤ ከስሩ የልጅቷ ገላ ወጣ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ ከመስኮቱ የገባውን የከሰዓት ብርሃን ይዞ የሚያበራ። ውባንቺ በዚህች ክፍል ውስጥ የስንቱን ሴት ገላ አጥባለች። እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። የእናት ዓይን ነው ቢሏት አትከራከርም፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች፤ በሥራዋ ደግሞ አትዋሽም። ድንጋዩ የጨመረው ነገር የለም፤ የነበረውን ነው የገለጠው። ደጋግማ አለቀለቀቻት፤ ከሚያስፈልገው በላይ። ሶሬቲ «እማዬ፣ በረደኝ!» ብላ ስትስቅ ነው ያቆመችው። ስትስቅ ጉንጯን አመማት፤ እንዲያም ሆኖ ሳቀች።

የውባንቺ ባል ደቻሳ ከሥራ የመጣው ፀሐይዋ መንገድ ዳር ካለው የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ጀርባ ስትዞር ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸት መሃል ስለሚውል ይሁን በተፈጥሮው፣ ቤት ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ጠዋት ‹ዋሉ›፣ ማታ ‹እንደምን ዋላችሁ›፤ በመካከሉ ሬዲዮው ይናገርለታል። ሽማግሌዎች ልጁን ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ እንኳ የተናገረው ‹ትጠየቅ› የሚል አንድ ቃል ነው። ዛሬ በሩን ከፍቶ ሲገባ ሶሬቲን ፊቷን ሳትሸፍን አልጋው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቱታውን እንደለበሰ ቆሞ ቀረ። ውባንቺ ፈጠን ፈጠን ብላ ሁሉንም ነገረችው፤ ክሬሙን፣ ዱቄቱን፣ ነርሷን፣ የእነአሰገደችን ምሳ፣ ልጅቷ ያለችውን ቃል በቃል። ደቻሳ አላቋረጣትም። የሚያየው ልጁን ነው። ውባንቺ ነግራ ስትጨርስ ወጥቶ ከግቢው ቧንቧ እጁንና ፊቱን ታጠበ፤ ቱታውን አውልቆ ለሰርጉ የተዘጋጀውን ኮት ለበሰ።

«ተነሽ፣ ጫማሽን አድርጊ» አላት ሶሬቲን።

«ወዴት አባዬ?»

«እንሂድ። ከኔ ጋር።»

ፀሐይዋ በርዳለች፤ ነርሷ ያለችውን ውባንቺ አስታውሳ ሰማዩን አየችና መንገዱን ለቀቀችላቸው። ሰው ሁሉ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት ነው። ውይይት ታክሲዎቹ ሰው እያራገፉ ነው፤ ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሷል፤ ስጋ ቤቱ በር ላይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ደቻሳ የልጁን ክንድ በክንዱ ውስጥ አስገብቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ በቀስታ፣ እንደ ሰርግ ቀን እየተራመደ ወጣ። ውባንቺ ከግቢው በር ላይ ቆማ አየቻቸው። ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ዘወር አሉ፤ ጥቂቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ «ምነው ሶሬቲዬ፣ ፊትሽ ምን ነካው?» ብላ ጮኸች።

ሶሬቲ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደማት።

«ቅባት አቃጥሏት ነው፤ ይሽራል!» አለ ደቻሳ። ድምፁ ከመንገዱ ማዶ፣ ከወረፋው ጫፍ፣ ውባንቺ እስከቆመችበት የግቢ በር ድረስ ደረሰ። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ያህል ሲጮህ ሰምታው አታውቅም። «ልጄ ናት! እሑድ እድራታለሁ! ሁላችሁም ኑልኝ፤ አንድ ሰው እንዳይቀር!»

ከወረፋው መሃል አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ የቀሩት። የጥበቃ ጓዶቹ ምን ተፈጠረ ብለው ቀና አሉ፤ አንዱ ቆቡን አነሣ። ደቻሳ አልቆመም፤ ሱቁን አልፎ፣ ስጋ ቤቱን አልፎ፣ ልጁን ይዞ ወደ ዋናው የቦሌ መንገድ አቀና፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ሰው እየጠራ። የውባንቺ እጅ ገና የሰሊጥ ዘይት እንደነካው ነው። በቀሚሷ ጠረገችው፤ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ በሩን ክፍት ትታ፣ ከሴቶቹ ጋር እልል እያለች ተከተለቻቸው።